የቡና ናሙና ለባለሙያ ቅምሻ መላክ የሚያዋጣው መቼ ነው?

የባለሙያ ቅምሻ ማለት አንድ ክምችት ቡና በናሙና ተወክሎ፣ ተቆልቶና ተፈልቶ በሠለጠኑ ቀማሾች ነጥብ የሚሰጥበት ምዘና ነው። ቅምሻ ቡናን አያጣፍጥም፤ ያለበትን ደረጃ ብቻ ይናገራል። በአጋሮ፣ በጌራ፣ በሊሙ ገነት ወይም በሰቃ ጨቆርሳ የሚገኝ ባለ ቡና ናሙና ይዞ ጅማ ከመውረዱ በፊት ራሱን መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ነጥቡ ሲታወቅ የሚሸጥለት ሰው ወይም የሚሸጥበት ዋጋ ይለወጣል ወይ? መልሱ አይለወጥም ከሆነ ለቅምሻው የሚወጣው ገንዘብ ለወረቀት የተከፈለ ገንዘብ ነው።

ምዘናው ሁለት ዓይነት መሆኑ መለየት አለበት። አንደኛው የግዴታ ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል የሚሸጥ ቡና ናሙና ተወስዶለት ደረጃ ይወጣለታል፤ ወደ ውጭ የሚላክ ቡናም ጥራቱ በመንግሥት በኩል ሳይረጋገጥ ከአገር አይወጣም። እዚህ ላይ ምርጫ የለም። ሁለተኛው ባለ ቡናው ወይም ማኅበሩ በፈቃዱ፣ ከሽያጩ በፊት፣ በራሱ ወጪ የሚያስደርገው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የሚመለከቱት ይህን ሁለተኛውን ነው።

1. ገዢውን አስቀድሞ ማወቅ

ነጥብ ዋጋ የሚኖረው ለነጥብ የሚከፍል ገዢ ሲኖር ነው። በየመንገዱ ዳር ጀንፈል (ከነሥጋው የደረቀ ቡና) በፈረሱላ የሚሰበስብ ነጋዴ ቡናውን በእጁ ዘግኖ፣ ሰብሮ አይቶና አሽትቶ ይገዛል፤ የቅምሻ ወረቀት ቢቀርብለትም በፈረሱላው ላይ ብር አይጨምርም። ቀይ እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ የሚያስረክብ አርሶ አደርም የሚያስቀምሰው ነገር የለውም፤ እሸቱ በዚያው ቀን ከጎረቤቶቹ እሸት ጋር ስለሚፈለፈል ነጥቡ የጣቢያው እንጂ የእሱ አይሆንም።

ቅምሻ ትርጉም የሚኖረው ለሦስት ወገኖች ነው፦ ለየት ያለ ቡና ከሚፈልግ ላኪ ጋር በቀጥታ ለተሳሰረ አቅራቢ፣ ምርቱን በዩኒየን በኩል ለሚሸጥ ማኅበር፣ እና የራሱን ምርት ራሱ ለመላክ ፈቃድ ላወጣ አምራች። የቡና ግብይት በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 የሚመራ ስለሆነ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ሰው ሁሉ ለፈለገው ሰው መሸጥ አይችልም። ሕጋዊው የሽያጭ መንገድ ሳይታወቅ የሚደረግ ቅምሻ ሰርጉ ሳይቆረጥ ጠላ እንደመጥመቅ ነው።

ከገዢው የሚጠየቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ከስንት ነጥብ ጀምሮ ጭማሪ ይከፍላል? ነጥቡ በየትኛው መለኪያ የተሰጠ መሆን አለበት? የማንን ቤተ ሙከራ ውጤት ያምናል? ትንሹ የሚገዛው መጠን ስንት ነው? ብዙ ባለ ቡናዎች የሚረሱት ደግሞ አለ፦ ጥሩ ቡና የሚፈልግ ላኪ ወይም ዩኒየን አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ቀማሽ አለው፤ ናሙናውንም ያለ ክፍያ ይቀምሳል። ለሁለት ገዢዎች ናሙና ልኮ ሁለቱ የሚሉትን ማነጻጸር የሚቻል ከሆነ ገንዘብ አውጥቶ ሌላ ቅምሻ ማስደረግ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ገዢው ያለው ዝቅ ያለ መስሎ ሲታይና የገለልተኛ ወገን ቃል ሲፈለግ ነው።

2. ክምችቱን ለይቶ መያዝ

ነጥብ የሚሰጠው ለአንድ ክምችት ነው፤ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቀበሌ አይደለም። በጥቅምት መጀመሪያ የተለቀመው፣ በኅዳር አጋማሽ የተለቀመውና ከዛፍ ሥር የተለቃቀመው አንድ ጆንያ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚገኘው ነጥብ የድብልቁ ነው፤ የጥሩውም የመጥፎውም አይደለም። ደጋውና ቆላው፣ የታጠበውና ከነሥጋው የደረቀው፣ ዝናብ ያገኘውና ያላገኘው ለየብቻ መያዝ አለባቸው። በየጆንያው ላይ የለቀማው ሳምንት፣ የማሳው ስምና ቡናው የተዘጋጀበት መንገድ ይጻፋል። አንድ ደብተርና አንድ ማርከር ይበቃል።

ሥራው ከቅምሻ እንደሚቀድም የሚያሳይ ምሳሌ ቅርብ አለ። በጎማ ወረዳ፣ ከአጋሮ አቅራቢያ የሚገኘው የዱሮሚና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ አቀፍ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ የወጣው ከዚያ በፊት በአብዛኛው በጀንፈል ይሸጥ ከነበረ አካባቢ ነው። ሥፍራውም ዛፉም ያው ነበር። ልዩነቱ የመጣው አባላቱ ቀይ እሸት ብቻ ለቅመው በራሳቸው ጣቢያ ማጠብና በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ማድረቅ ሲጀምሩ ነው። ቀማሹ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ክምችቱ ተለይቶ ካልተያዘ የዘንድሮውን ቅምሻ መተው ይሻላል። ለሚቀጥለው ዓመት ግን መለየቱን ከመጀመሪያው ለቀማ ቀን መጀመር ይቻላል።

3. በቤት ማጣራት

ወደ ቤተ ሙከራ የሚሄድ ቡና አስቀድሞ በቤት ውስጥ ፈተናውን ያለፈ መሆን አለበት። በቤት የወደቀውን ለባለሙያ ማቅረብ የታወቀን ነገር በክፍያ እንደ መስማት ነው። ለማጣራቱ የሚያስፈልጉት ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ብረት ምጣድ፣ አምስት አንድ ዓይነት ብርጭቆዎች፣ ማንኪያና ብርሃን ያለበት ቦታ ናቸው።

መጀመሪያ እርጥበቱ ይታያል። በደንብ የደረቀ ቅሽር (ከቅርፊቱ የተፈለፈለ) ቡና ከ10 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ይኖረዋል፤ በአገራችን የሚፈለገው ከ11.5 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። መለኪያ መሣሪያ በማኅበሩ ወይም በአቅራቢው መጋዘን ይገኛል። ከሌለ ፍሬው በጥርስ ይነከሳል፤ ጥርስ ከሰረጎደበት ገና ነው፤ ሲነከስ ከተሰነጣጠቀ ከልክ በላይ ደርቋል። በጅማ አካባቢ ዝናቡ እስከ ለቀማው ወቅት ስለሚዘልቅ ብዙ ቡና የሚበላሸው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ቀጥሎ እንከን ይቆጠራል። 350 ግራም ቅሽር ቡና ተመዝኖ በነጭ ወረቀት ወይም በሰፌድ ላይ ይዘረጋል። ሙሉ በሙሉ የጠቆረ፣ በሙሉ የኮመጠጠ (ቡናማ ወይም ቀላ ያለ መልክ የያዘ)፣ የሻገተ፣ ከነሥጋው የደረቀ ፍሬ ወይም ድንጋይና እንጨት አንድ እንኳ ከተገኘ ቡናው በዓለም አቀፉ መለኪያ ከልዩ ጣዕም ቡና ተርታ ይወጣል። በነፍሳት ክፉኛ የተበሳሱ ፍሬዎችም አምስት ሲሞሉ ያው ነው። ቀለል ያሉት፣ ማለትም የተሰበሩ፣ ያልበሰሉና የተጨማደዱት፣ አምስት አምስቱ እንደ አንድ ሙሉ እንከን ይታሰባሉ፤ ድምሩ ከአምስት መብለጥ የለበትም። ብዛቱ ትንሽ ከሆነ ክምችቱ በሙሉ በእጅ ይለቀማል። ናሙናውን ብቻ ለቅሞ መላክ ግን ራስን ማታለል ነው፤ ምክንያቱ በስድስተኛው ደረጃ ይመጣል።

ከዚያ ሽታው። የቡናው ጆንያ ከኮረሪማ፣ ከበርበሬ፣ ከማዳበሪያ ወይም ከጋዝ አጠገብ ከከረመ ሽታውን ይስባል፤ በዚህ አካባቢ በየጓዳው ኮረሪማ ስለማይጠፋ ጉዳዩ የተለመደ ነው። ጥሬው ቡና በክዳን ዕቃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ተዘግቶ ሲከፈት የመጀመሪያው ትንፋሽ ያለውን ይናገራል።

የመጨረሻው የቤት ቅምሻ ነው። በሥነ ሥርዓት ቡና የሚያፈሉ ሴቶች አፍንጫ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ጀማሪ ቀማሽ ይልቅ የታመነ ነው፤ የቤቱ አቆላል ግን አይሆንም። ለጀበና እንደሚቆላው እስኪጠቁርና ዘይቱ እስኪወጣ ድረስ ከተቆላ እንከኑም ጥሩ ጣዕሙም አብሮ ይቃጠላል። ለቅምሻ ቡናው ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ይቆላል፤ መንጣጣት ከጀመረ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ ቀረፋማ ቡናማ መልክ እንደያዘ ይወርዳልና ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ሳይፈጭ ያድራል። በማግሥቱ ለ200 ሚሊ ሊትር ውኃ 11 ግራም ታስቦ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ የሚሆነው ለየብቻ ተመዝኖ ለየብቻ ይፈጫል፤ ለጀበና ከሚፈጨው ሻከር ማለት አለበት። አንድ ላይ ከተፈጨ አንዲት የገማች ፍሬ በአምስቱም ብርጭቆዎች ትበተንና የት እንዳለች ማወቅ ያስቸግራል። ለየብቻ ከሆነ ግን አንዱ ብርጭቆ ብቻ ያጋልጣታል።

ቀማሾች የሚጠቀሙት ውኃ 93 ዲግሪ አካባቢ ያለውን ነው። ጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከእሳት የወረደ ውኃ ያለ ቴርሞሜትር ልክ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ያሉ ቀማሾች ይህ ዕድል የላቸውም። ውኃው ከተጨመረ ከ4 ደቂቃ በኋላ ላይ የተሰበሰበው አተላ በማንኪያ ተገፍቶ ሽታው ይሳባል፤ አረፋው ይገፈፋል፤ ለብ ሲል ተቀምሶ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይቀመሳል። እንከን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ቡናው ሲቀዘቅዝ ነው። የጎረቤት ቡና በተጨማሪ ብርጭቆ አብሮ ቢቀርብና የትኛው የማን እንደሆነ ቀማሹ ባያውቅ ፍርዱ ከአድልዎ ይርቃል። ሻጋታ፣ አፈር፣ ኮምጣጤ ወይም የሽንኩርት ሽታ በአንዱም ብርጭቆ ከተገኘ ሥራው እዚህ ላይ ይቆማል።

4. መለኪያውን መለየት

«ቡናው 85 አመጣ» የሚለው ንግግር ብቻውን ምንም አይናገርም። በአገር ውስጥ በተለመደው የደረጃ አወጣጥ ከ100ው ነጥብ 40ው የሚሰጠው ለጥሬው ፍሬ፣ 60ው ለጽዋው ጣዕም ነው። በዓለም አቀፉ የልዩ ቡና ማኅበር በተለመደው ቅጽ ግን 100ውም ነጥብ ከጽዋው ነው የሚመጣው፤ ጥሬው ፍሬ ለብቻው የሚታይ የማለፊያ መስፈርት ነው። በዚህኛው 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ልዩ ጣዕም ያለው ይባላል። በአንዱ 85 ያገኘ በሌላው 85 ነው ብሎ ለውጭ ገዢ መናገር ከማሳፈርም በላይ ውል ያፈርሳል። ይኸው የልዩ ቡና ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ አዲስ የምዘና ቅጽ ስላስተዋወቀ ቤተ ሙከራው የትኛውን እንደሚሠራበት መጠየቅም ይገባል።

በጅማ የምርት ገበያው ቅርንጫፍ አለ፤ በቦንጋና በበደሌም እንዲሁ። በመልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልና የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ በቡና ጥራት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሏቸው። ናሙና ከውጭ ሰው በክፍያ መቀበላቸው፣ ዋጋውና የሚወስደው ጊዜ በስልክ ወይም በአካል ቀድሞ ይጠየቃል፤ ለቀማው ሲጋጋል ወረፋ ይበዛል። ውጤቱን የሚሰጡት ቀማሾች ከአንድ በላይ መሆናቸውና ናሙናውን ያለ ስም በቁጥር ብቻ መቅመሳቸው መረጋገጥ አለበት።

ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ጥራት ውድድር ሌላ መንገድ ነው። እዚያ ለሽልማት የሚበቃው በዳኞች 87 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ነው። በቤት ቅምሻ «ጥሩ ነው» የተባለ ቡና ከዚህ ነጥብ ብዙ ርቆ ሊገኝ ስለሚችል ውድድሩን የገቢ ዕቅድ ማድረግ አይመከርም።

5. ሒሳቡን መሥራት

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የቤተ ሙከራ ክፍያ 1,500 ብር፣ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት 600 ብር፣ የጠፋ የሥራ ቀን 800 ብር ቢሆን ጠቅላላ ወጪው 2,900 ብር ነው። ገዢው የተባለው ነጥብ ከመጣ በፈረሱላ (17 ኪሎ) 300 ብር እጨምራለሁ ብሏል እንበል። የቤት ቅምሻው ደግሞ ነጥቡ የመምጣቱ ዕድል እኩል በእኩል እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ ከአንድ ፈረሱላ የሚጠበቀው ጭማሪ የ300 ግማሽ፣ 150 ብር ይሆናል።

10 ፈረሱላ ያለው ሰው የሚጠብቀው 1,500 ብር ስለሆነ 2,900 ብር ማውጣት ኪሳራ ነው። ወጪው የሚመለሰው 20 ፈረሱላ፣ ማለትም 340 ኪሎ ሲሞላ ነው። 100 ፈረሱላ ያለው ማኅበር ደግሞ 15,000 ብር ስለሚጠብቅ ሊያመነታ አይገባም። እያንዳንዱ ባለ ቡና የራሱን ወጪ፣ የራሱን ጭማሪና የራሱን ዕድል አስገብቶ በዚሁ መንገድ ያሰላል።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው ዕድሉን መርሳት ነው፤ ሁሉም የራሱ ቡና እንደሚያልፍ አድርጎ ያሰላል። ሌላው የመጠበቂያው ጊዜ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ቡናው ሳይሸጥ ይቆያል፤ በዚያ መሐል ዋጋ ሊወርድ፣ ቤትም ገንዘብ ሊቸግር ይችላል። በብድር ለቅሞ ብድሩን በቡናው የሚከፍል ሰው ይህን ከወጪው ጋር መደመር አለበት። ትንሽ ክምችት ያላቸው ጎረቤታሞች በአንድ ከፍታ የበቀለ፣ በአንድ መንገድ የተዘጋጀ ቡና ካላቸው ቀላቅለው አንድ ናሙና ማቅረብ ወጪውን ይከፋፍልላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን መሸጥ ያለባቸውም አብረው ነው።

6. ናሙናውን ማውጣት

ቡናው እንደደረቀ ወዲያው አይላክም። ከጀንፈሉ ወይም ከስሱ ቅርፊቱ ሳይወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲያርፍ ጥሬ ጥሬ የሚለው ጣዕም ይጠፋል።

ናሙና ከሁሉም ጆንያ ይወሰዳል፤ ከእያንዳንዱም ከላይ፣ ከመሐልና ከታች። በሹል የናሙና ቱቦ መውጋት ቀላል ነው፤ ከሌለ ጆንያው በሸራ ላይ ይገለበጣል። የተሰበሰበው በደንብ ተደባልቆ ክምር ይደረግና በመስቀል መልክ ለአራት ይከፈላል። ተቃራኒ የሆኑት ሁለቱ ተነሥተው ቀሪዎቹ እንደገና ይደባለቃሉ። የሚፈለገው መጠን እስኪቀር ይህ ይደጋገማል። ከላይ ካለው ጆንያ ሁለት እፍኝ ዘግኖ መላክ ቀልጣፋ ነው፤ ውጤቱ ግን የዚያ ሁለት እፍኝ ነው።

ናሙናው ከክምችቱ በተለየ ሁኔታ አይለቀምም፣ አይነፋም። ገዢው ጭነቱን ሲረከብ እንደገና ይቀምሳል። ናሙናው 84፣ ጭነቱ 79 ከሆነ የሚጠፋው ጭማሪው ብቻ አይደለም፤ ሰውየው በሚቀጥለው ዓመት ስልክ አያነሣም።

መጠኑ ቢያንስ አንድ ኪሎ ቅሽር ቡና ቢሆን ለሦስት ይከፈላል፦ ለቤተ ሙከራው፣ ለገዢውና ለማስቀመጫ። ቤተ ሙከራው ከዚህ ድርሻው በላይ ከፈለገ መጠኑ አስቀድሞ ከፍ ይደረጋል። በጀንፈል ያለ ቡና ሲፈለፈል ክብደቱ በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ ለአንድ ኪሎ ቅሽር ሁለት ኪሎ ጀንፈል ይዘጋጃል። ናሙናው ንጹሕና ደረቅ በሆነ ፕላስቲክ ታሽጎ ቁጥር፣ የለቀማ ወቅት፣ ቀበሌ፣ የአዘገጃጀት ዓይነትና የክምችቱ ክብደት ይጻፍበታል። የዛፉ ዓይነት ከታወቀ፣ ለምሳሌ ከመልኮ የወጣው 74110 ወይም 74112 ከሆነ፣ ይጨመራል፤ አገር በቀል ከሆነም እንደዚያው። የበርበሬ ወይም የዱቄት ከረጢት አጥቦ መጠቀም አይሆንም።

7. ውጤቱን ማንበብና መወሰን

ሁለት የሠለጠኑ ቀማሾች በአንድ ቡና ላይ በአንድ ሁለት ነጥብ ቢለያዩ የሚያስገርም አይደለም። ገዢው የሚፈልገው 84 ሆኖ 83.5 የመጣ ቡና አልወደቀም፤ ገዢው ራሱ እንዲቀምሰው ማድረግ ተገቢ ነው። 78 የመጣ ግን ሌላ ቤተ ሙከራ ቢሞከር ብዙ አይለወጥም፤ ደጋግሞ መክፈል ዕጣ እንደ መቁረጥ ይሆናል።

ከነጥቡ ይልቅ ማስታወሻው ሊጠቅም ይችላል። የአፈርና የሻጋታ ጣዕም የተጻፈበት ቡና በመሬት ላይ የተሰጣ ወይም ተደራርቦ የከረመ ነው። የኮምጣጤ ወይም የመፍላት ጣዕም እሸቱ ሳይፈለፈል ማደሩን ወይም በገንዳው ውስጥ ከሚገባው በላይ መቆየቱን ያመለክታል። አፍ የሚይዝ ምሬት አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴው ከቀዩ ጋር ስለተለቀመ ነው። ከአምስት ጽዋ አንዱ ብቻ ተበላሽቶ ነጥቡ ከወረደ ችግሩ በለቀማውና በእንከን ማስወገዱ ላይ ነው፤ ቡናው በመሠረቱ ጥሩ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ውጤት ቀጣዩ ብር መውጣት ያለበት ለሁለተኛ ቅምሻ ሳይሆን ለሽቦ፣ ለቀርከሃና ለማድረቂያ አልጋ ነው።

ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ጊዜ አይሰጥም። በጥር የተሰጠ ነጥብ ለሐምሌ አያገለግልም፤ የክረምቱ እርጥበት ወደ ጆንያው ይገባል፤ ቡናውም ያረጃል። እስኪሸጥ ድረስ ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ በርብራብ ላይ ይቀመጣል፤ ከውስጥ አየር የማያሳልፍ ከረጢት ቢኖረው ይመረጣል። ለማስቀመጫ የተተወው ሦስተኛው ናሙናም እንደታሸገ በዚያው ይቆያል፤ ገንዘቡ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ አይከፈትም።